ያልታጨደ ሣር

በተራራና በደን በእግሩ እየተጓዘ የሚዝናና ሰው አንድ የሚኮራበት ነገር አለው። «አይቼ ተመለስኩ እንጂ ምንም አልነካሁም» ይላል። አበባ አልቀጠፈም፤ እንጨት አልሰበረም፤ አውሬ አላባረረም፤ ስንቅ የጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ለቃቅሞ በከረጢቱ ይዞ ተመልሷል። በዚህም ምክንያት ራሱን ከእንጨት ቆራጩ፣ ከከሰል አክሳዩና ከአዳኙ ለይቶ እንደ ንጹሕ ሰው ይቆጥራል። ከእነርሱ እንደሚሻል አያከራክርም። ዳሩ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ አይቶ ብቻ የተመለሰ ሰው በእውነት ምንም አልወሰደምን? ዕዳስ የለበትምን?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ሥፍራ ይዘን እንመርምረው። ሥፍራው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ 130 ኪ.ሜ. ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ጣርማ በር ላይ ዋናው መንገድ ጣልያኖች በቆፈሩት ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ፣ የመንዙ መንገድ በስተግራ ታጥፎ ከፍታውን እንደ ያዘ ይቀጥላል። መዘዞን ካለፉ በኋላ፣ መሃል ሜዳ ከተማ ከመድረስ በፊት፣ እርሻው በድንገት ያልቅና ሣር ብቻ ይሆናል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪ.ሜ. ያህል ነው፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በስተምዕራብ የሚፈልቀው ውኃ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ የሚፈልቀው ደግሞ ገደሉን ዘልሎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አንድ ሰው በአፋፉ ላይ ቆሞ የዝናቡን ጠብታ ወደ ሁለት የተለያየ ዕድል ሲከፈል ሊያስበው ይችላል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደዚያ መጓዝ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም። እኔ የምተርከው ከዚያ በፊት፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ የሰንበት ት/ቤታችን ወጣቶች ከጥምቀት በዓል በኋላ ያደረግነውን የሁለት ቀን የእግር ጉዞ ነው።

ጓሳ ማለት የሥፍራው ስም ብቻ ሳይሆን የሣሩም ስም ነው። ሣሩ እንደ መስክ ሣር ምንጣፍ ሆኖ አይተኛም፤ በየጉብታው እንደ ጎፈሬ ጠጉር ተከምክሞ ይቆማል። ስለዚህ መንገዱ በጉብታና በጉብታ መካከል ነው። እግር አንድ ጊዜ ይሰጥማል፣ አንድ ጊዜ ይነጥራል፤ ከፍታውም ትንፋሽ ያሳጥራል። አንድ ሰዓት ከተጓዝን በኋላ በዝማሬ የጀመርነው ጉዞ በዝምታ የሚቀጥል ሆነ። በየዳገቱ ጅብራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይኖርና አንድ ጊዜ ረጅም አበባውን ወደ ሰማይ አውጥቶ ይሞታል። ደርቆ የቆመው ግንዱ ከሩቅ ሲታይ ሰው ይመስላል፤ ከመካከላችን ሁለት ጊዜ «ጤና ይስጥልኝ» ያለው ሰው ነበር።

ወደ ምሥራቁ አፋፍ ሲቃረቡ የአስታው ቁጥቋጦ ይጀምራል። ጫፉ ላይ የደረሰ ሰው ሳያስበው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይመለሳል። ከእግር በታች ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች የይፋት ቆላ፤ ከዚያም ባሻገር እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ጭጋግ ብቻ። ሌሊት የነበረው ውርጭ በድንኳናችን ላይ ጨው የተነሰነሰ አስመስሎት ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ጉሙ ከገደሉ እንደ ጭስ እየተነሣ በራሳችን ላይ አለፈ። ጉሙ ሲገለጥ ጭላዳዎቹ ከታች መምጣት ጀመሩ። ሌሊቱን በገደሉ ወለል ወለል ላይ ተደግፈው ያድራሉ፤ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥተው እንደ በግ ሣር ይግጣሉ። ደረቱ ቀይ የሆነው ወንዱ ጎፈሬውን ለነፋስ ሰጥቶ ሲቀመጥ የድሮ ባላባት ይመስላል።

በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ሲሄድ አየን። ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ በየትም የለም፤ ያሉት ጎልማሶች ሁሉ ቢደመሩ 500 አይሞሉም። ይህ አውሬ በጭላዳው መንጋ ውስጥ፣ እናቶች ሕፃኖቻቸውን ታቅፈው በተቀመጡበት፣ ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ይፈልግ ነበር። ማንም አልሸሸውም። በጓሳ ጭላዳዎችን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከታተሉ ተመራማሪዎች ይህን ነገር መዝግበውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው እንደ ገለጹት ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከሚሞክረው 100 ጊዜ የሚሳካለት 25 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ በጭላዳዎች መካከል ሲሆን ግን 67 ጊዜ ያህል ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም ዝም የሚሉት ሕፃኖቻቸውን ስለማይነካባቸው ነው። አንዱን ቢነጥቅ ለዚያች ቀን ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ግን መንጋው አያስጠጋውም። የአውሬን ጠባይ እያነሡ ለሰው ምሳሌ ማድረግ በበኩሌ ብዙም አልወድም፤ ቀበሮው ቸር ሆኖ ሳይሆን ስለሚጠቅመው ነው። ይሁን እንጂ አለመንካት ራሱ አንድ ሥራ እንደ ሆነ፣ ፍሬም እንዳለው ያን ጠዋት በዓይናችን አይተናል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። ከእኛ ጋር አንድ የአካባቢው ሽማግሌ በመንገድ መሪነት ይጓዙ ነበር። ካፖርታቸው አሮጌ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። ከጓደኞቻችን አንዷ ስትደነቅ ቆይታ፣ «አባባ፣ ይህ ሁሉ ሣር እንዲያው ዝም ብሎ ነው የቆመው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ዝም ብሎማ አልቆመም፣ ልጄ» አሉ፤ «እኛ ነን ዝም ያልነው።»

ነገሩ አልገባንም። እርሳቸውም በበትራቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። ከሜዳው ማዶ፣ በድንጋይ የታጠሩ ጥቂት ጎጆዎች ይታያሉ። አንደኛው የእርሳቸው ነው። ክዳኑ ካረጀና ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፎታል። ቆርቆሮ ለመግዛት አቅም የለም፤ ክዳኑ የሚሠራበት ሣር ግን ይኸው እኛ የቆምንበት ነው።

«ታዲያ ለምን አያጭዱም?» አለ አንዱ ወንድማችን።

«አልተከፈተማ።»

ከዚህ በላይ ምንም አልተናገሩም። እኛ ግን ያን ቀን እንደ ቀድሞው አልተጓዝንም። ያ በነፋስ እንደ ባሕር የሚታጠፈው፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት የተሻማንበት ሣር የአንድ ሽማግሌ ሁለት ክረምት ሆኖ ታየን። የእርሳቸውም ብቻ አይደለም። የመንዝ ሰው ከጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል፤ እረኛው በዝናብ ጊዜ የሚለብሰውን ገሳ ይሠራበታል። አስታውና ሌላው ቁጥቋጦ ማገዶ ነው፤ በድርቅ ጊዜም ከብቱና በጉ የሚተርፈው በዚያ ግጦሽ ነው። ገብስ በውርጭ በሚመታበት፣ በልግ አንዳንድ ዓመት በሚቀርበት አገር ይህ ሁሉ ትርፍ ነገር አይደለም። ኑሮ ነው።

ይህ አለመንካት ከየት መጣ? ሽማግሎች እንደሚተርኩት፣ አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ምድሪቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉ። ጓሳንም ለየዘሮቻቸው የጋራ አድርገው አቆዩት፤ ይህም ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደ ሆነ ይነገራል። የአጠባበቁ ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። (ቃሉ በቅርብ ዓመታት በሌላ ነገር የታወቀ ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይምታታበት፤ የመንዙ ቄሮ የሣር ሕግ ነው።) ባለ ድርሻዎቹ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳ ሲዘጋ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው፤ ጥበቃውንም ባለ ድርሻዎቹ በየተራ ይወጣሉ፤ ሕጉን ለጣሰ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት ከባድ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ወይም ችግር ሲጠና፣ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። ድርሻው በየአጥቢያው ነበርና አጥቢያው ሁሉ ማጭዱን ስሎ በዚያች ቀን ይወጣል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ተመልሶ ይዘጋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው በዚያው ቀን ነው። ሰው ጾሙን ሲፈታ ሜዳው መጾም ይጀምራል። አባቶች ይህን አስበውበት ይሁን፣ ወይስ ሁሉም የሚያውቀው ቀን ስለ ሆነ ብቻ ይሁን፣ ለእኔ ሁለተኛው የበለጠ ይመስለኛል፤ ሕግ ሰው ሊረሳው በማይችለው ቀን ላይ ካልተሰቀለ አይጸናም። በኦሪት ዘሌዋውያን 25ኛ ምዕራፍ ምድር በየሰባት ዓመቱ እንድታርፍ የተሰጠው ትእዛዝም ቀንና ዓመት ቆጥሮ የሚያዝ እንጂ እንዲያው መልካም ምኞት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው። ነገር ግን ያማረውን ብቻ ተናግሮ መሄድ እውነተኛ አያደርግም። የቄሮ ሥርዓት የቆመው በአጽመ ርስት ላይ ነበር። ይህም ማለት የዘር ሐረጉን ከአቅኚዎቹ ሊቆጥር የሚችል ሰው ድርሻ አለው፤ ሊቆጥር የማይችል የለውም። በአጠገቡ እየኖረ፣ እኩል እየበረደው፣ ቤቱ እኩል እያፈሰሰ፣ ሜዳው ቢዘጋም ቢከፈትም ለእርሱ ሁልጊዜ ዝግ የሆነ ሰው ነበረ። ባለ ድርሻው ሦስት ዓመት ቢጾም የፋሲካው ቀን ይመጣለታል፤ ድርሻ ለሌለው ሰው ግን ፋሲካ አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ጾም ጾም ብሎ መጥራት ይከብዳል። ረኀብ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ አጽመ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ቀረ። በር የተዘጋበት ሰው በሩ ሲከፈት መግባቱ ተፈጥሮአዊ ነው። የሆነውም ይኸው ነው። ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፤ ማገዶው ተለቀመ፤ ከብቱ ገባ፤ ዳር ዳሩም ታረሰ። ቀድሞ ባለ ድርሻ የነበረው ሰው «ሌላው ካጨደው እኔ ስለ ምን እተወዋለሁ?» አለ። አዲስ የገባውም «ነገ ተመልሶ ከመዘጋቱ በፊት ዛሬ ልውሰድ» አለ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሜዳው ግን በሁለት እውነት መካከል ተራቆተ።

ይህ ነገር በመንዝ ብቻ የሆነ አይደለም። ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ የጋራ የሆነ ግጦሽ ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ተከራከረ፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ጥቅሙ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉ ነውና። ብዙ ሰው ተቀበለው። ኤልኖር ኦስትሮም የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ምሁር ግን ተቀምጣ ከመደምደም ይልቅ በየአገሩ ያሉትን የጋራ ሀብቶች ማጥናት ጀመረች። በስዊዘርላንድ ተራራዎች ቶርበል በተባለ መንደር፣ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልበው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያወጣ የሚከለክል የ1517 እ.ኤ.አ. ደንብ መኖሩን ጽፋለች። ሰዎች ደንቡን ራሳቸው ካወጡት፣ ጠባቂውን ራሳቸው ከመረጡት፣ የጋራ ሀብት ሊቆይ እንደሚችል አሳየች፤ በዚህም በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ተቀበለች። የመንዝ ገበሬ የኦስትሮምን መጽሐፍ ሳያነብ ሥራውን ያውቀዋል። ከጥፋቱ በኋላ በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ሰዎች ተመካክረው የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የዚህ ጊዜው ድርሻ በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። የአማራ ክልልም በ2012 እ.ኤ.አ. ሥፍራውን በደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አጸናው።

እንግዲህ ሽማግሌው «አልተከፈተማ» ያሉት በየትኛው ሕግ እንደ ሆነ አሁን ይገባናል። አባት ከአባት የወረሰው፣ አንድ ጊዜ የተሰበረ፣ ከዚያም ድርሻ ያልነበረውን ሰው ጨምሮ የተጠገነ ሕግ ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ ጠባቂ ብቻውን አያስከብረውም። 100 ካሬ ኪ.ሜ. ሜዳ ላይ ሌሊት አንድ ሸክም የሚያጭድ ሰው ማን ያየዋል? የሚያስከብረው እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱም እየታገሠ መሆኑን ማመኑ ነው። ይህ እምነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከ1967 በኋላ ታይቷል።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ ክርክር ተነሣ። ከእኛ በዕድሜ ከፍ ያለና በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የሚማር አንድ ወንድም፣ «ዕዳ የሚመጣው ከውል ነው፤ እኛ እንዲታገሡልን አልለመንናቸውም፤ እነርሱም ለእኛ ብለው አልታገሡም» አለ። የመጨረሻው ቃሉ እውነት ነው። ጓሳ የተዘጋው ጎብኚ የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት ነው፤ የተዘጋውም ለክዳን፣ ለገመድና ለክፉ ቀን ነው። ውበቱ የእነርሱ ዓላማ አልነበረም። ይሁንና ውሉ ከሌለ ዕዳም የለም የሚለው መደምደሚያ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ማኅበር የሚጠጣበት ቤት በእንግድነት የገባ ሰው እናስብ። ድግሱ ለእርሱ ተብሎ አልተደገሰም። ማኅበርተኛም ስላልሆነ ተራ አይደርሰውም፤ ጽዋውን የመመለስ ግዴታ የለበትም። ጠጥቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ቢወጣ ነውር የለበትም፤ እንግዳ መቀበል ለባለቤቱ ክብሩ ነው። ነገር ግን ይህ እንግዳ በደጅ ወጥቶ «እኔ ከዚህ ቤት ምንም አልቀመስኩም» ቢል ምን እንለዋለን? የተጓዡ ነገር እንዲህ ነው። ጥፋቱ መደሰቱ አይደለም። ጥፋቱ «ምንም አልወሰድኩም» ማለቱ ነው። ሌሎች ሰዎች በብርድና በሚያፈስ ጣሪያ የከፈሉበትን ነገር ወስዷል፤ በዓይን የሚወሰድ ስለ ሆነ ብቻ አይመዘንበትም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ 23ኛ ምዕራፍ ላይ የተጻፈውን የዳዊትን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ንጉሡ በምሽግ ሳለ በቤተ ልሔም በር ካለው ጕድጓድ ውኃ ተመኘ። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሠፈር ሰንጥቀው አልፈው ቀዱለት። እርሱ ግን ሊጠጣው አልወደደም፤ ነፍሳቸውን አሳልፈው የሰጡበትን ውኃ እንደ ደማቸው ቈጥሮ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ይህን ታሪክ በልጅነቴ ስሰማ ለወታደሮቹ አዝን ነበር፤ ያን ያህል ደክመው አመጡለት፣ እርሱ ደፋው! አሁን ግን ዳዊት ከሁሉ በፊት ያደረገውን አስተውላለሁ፤ ውኃውን ሲያይ ውኃ ብቻ አላየም። ዋጋውን አየ። እኛ እንደ እርሱ ለማድረግ አንችልም። የታየ ውበት አይደፋም፤ ጓሳን ያየ ዓይን እንዳላየ ሊሆን አይችልም። ታዲያ መፍሰስ የማይችለውን ነገር የተቀበለ ሰው ምን ያድርግ?

«ገንዘብ ይክፈል» የሚል መልስ በቅርብ ይገኛል፤ እኛም የሚከፈለውን ከፍለናል። የመግቢያው ገንዘብ፣ የበቅሎው ኪራይ፣ የመንገድ መሪው አበል ወደ አካባቢው ሰው ይገባል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ዕዳውን በሙሉ አይነካውም። በቅሎ ያለው ሰው ከእኛ ገንዘብ ያገኛል፤ በቅሎ የሌላት መበለት አታገኝም። ስለ ሣሩ የታገሡት ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፤ እንዲያውም የእርሷ ትዕግሥት ይከብዳል፤ የሚተካላት የለምና። ከዚህም ሌላ፣ ገንዘብ በተከፈለ ጊዜ ነገሩ ግዢ ይመስላል፤ ገዢ ደግሞ ማመስገን አይጠበቅበትም።

ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ዓይነት መክፈያ ነው፤ ይኸውም ለትዕግሥት ትዕግሥት መመለስ። እኛ የከተማ ልጆች ምን የዘጋነው ነገር አለ? ከቤታችን ጀርባ የቀበና ወንዝ ይፈስሳል፤ የዕቃ እጣቢና ቆሻሻ የማይደፋበት አንድ ሳምንት እንኳ አውጀንለት እናውቃለን? ቡናችን የሚፈላበት ከሰል የማን ደን ነበር? አጽዋማትን እንጾማለን፤ በጾም ወራት ሥጋና ወተት መተውን ከልጅነት ተምረናል። ሆኖም መተው የሚባለው ትምህርት ከማዕድ አልፎ ወደ ወንዝና ወደ ዛፍ እንዲወርድ የመንዝ ገበሬ እንዳደረገው አላደረግንም። ከዚያ ይልቅ ሌሎች የዘጉትን ለማየት 200 ኪ.ሜ. አልፈን እንሄዳለን፤ ተመልሰንም የአገር ሰው ደን አጥፊ ነው እያልን እንከራከራለን።

እዚህ ላይ አንድ መሰናክል አለ፤ አልሸሽገውም። የመንዙ ሰው የሚታገሠው ጎረቤቱ እንደሚታገሥ ስለሚያውቅና የሚከፈትበት ቀን ስላለ ነው። በቀበና ዳር እኔ ብቻዬን ብታገሥ ግን ወንዙ አይጠራም፤ ጎረቤቴንም በስሙ አላውቀውም። አባ ቄራ በሌለበት ከተማ ብቻውን የሚታገሥ ሰው ጻድቅ ነው ወይስ ሞኝ? ያ ፍልስፍና የሚማረው ወንድማችን «ሞኝ ነው፤ መጀመሪያ ደንቡ ይውጣ» ይላል። ያቺ ሽማግሌውን የጠየቀች እህታችን ደግሞ «አስቦና ጌራም አንድ ቀን ከሁሉ በፊት ጀምረዋል» ብላ መለሰችለት። እርሱም «ሁለት ነበሩ እኮ! አንድ ሰው አልነበረም» አላት።

ክርክሩ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አልተፈታም፤ ከዚያ ወዲህም በመካከላችን እንዳለ ነው። ሽማግሌው በሚቀጥለው ዓመት ጓሳ ሲከፈት ጎጆአቸውን እንደ ከደኑ በኋላ ሰምተናል። በዚህ ጉዳይ የተለየ አሳብ ያለው አባል ቢኖር ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ፤ በተለይ በቀበና ዳር የምትኖሩ።